ከጀርባ አጥንት ኦፕራሲዮን በኋላ መውለድ፦ ወሎ ውስጥ የት፣ እንዴትና በምን ማደንዘዣ?

የተጣመመ ጀርባዋ በብረት የተስተካከለ ሴት ስታረግዝ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይመጣል። አንዱ «አንቺማ በምጥ አትወልጂም፣ ኦፕራሲዮን ነው» ይላታል። ሌላዋ «ምን አለብሽ፣ ብረቱ ያለው ጀርባሽ ላይ ነው» ትላለች። ሌላው ደግሞ ገና በሦስተኛ ወሯ አዲስ አበባ ቤት ተከራዪ ይላታል። ሁሉም ለአንዷ ልክ፣ ለሌላዋ ስህተት ናቸው። ልዩነቱን የሚያመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ብረቱ የትኛው አንጓ ላይ እንደሚያልቅ፣ ሳንባዋ ምን ያህል እንደሚችልና ቤቷ ከኦፕራሲዮን ክፍል ምን ያህል እንደሚርቅ።

ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ጉዳይ የሚነበበው አብዛኛው ጽሑፍ የሚያተኩረው ኤፒዱራል ላይ ነው፤ ማለትም ምጥ ላይ ሳሉ በወገብ በኩል በቀጭን ቱቦ የሚሰጠው ማስታገሻ ላይ። ያ ክርክር የተጻፈው አገልግሎቱ በየወሊድ ክፍሉ ለሚገኝበት አገር ነው። እኛ ዘንድ በመንግሥት ሆስፒታል የሚያምጡ እናቶች አብዛኞቹ ያለ ኤፒዱራል ነው የሚወልዱት። ስለዚህ ወሎ ላይ ያለች ሴት መጠየቅ ያለባት ሌላ ነው፦ ምጡ ቢቆም ወይም የጽንሱ ልብ ምት ቢወርድ፣ በሌሊት ማን፣ በምን ዓይነት ማደንዘዣ ኦፕራሲዮን ያደርገኛል? የመውለጃ ቦታ መመረጥ ያለበት በዚህ መልስ ነው።

## አማራጭ ከመመዘን በፊት መመዘኛው

የብረቱ የታች ጫፍ። ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። የጀርባ አጥንት አንገት ላይ 7፣ ደረት ላይ 12፣ ወገብ ላይ 5 አንጓዎች አሉት። ሐኪሞች የደረቱን «ቲ»፣ የወገቡን «ኤል» ብለው ይቆጥራሉ። የኦፕራሲዮን ወረቀትሽ ላይ «ከቲ 4 እስከ ኤል 2» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ካለ ለወሊድ የሚያስፈልግሽ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሕብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው ኤል 1 እና ኤል 2 አካባቢ ያበቃል። ስለዚህ ለኦፕራሲዮን የሚሰጠው የወገብ መርፌ ከዚያ በታች፣ አብዛኛውን ጊዜ በኤል 3 እና 4 ወይም በኤል 4 እና 5 መካከል ይወጋል። ብረቱ ኤል 1 ወይም ኤል 2 ላይ ካለቀ ይህ ቦታ ብዙውን ጊዜ ያልተነካ ነው። ኤል 3 ላይ ካለቀም ከሥሩ ክፍት ቦታ ይቀራል። ኤል 4 ከደረሰ ምርጫው ይጠባል። ኤል 5 ወይም ከዳሌ ጋር የሚገናኘው አጥንት ድረስ ከወረደ ግን ክፍተቶቹ በተተከለው አጥንት ተሸፍነው ይሆናል፤ መርፌው መግቢያ ሊያጣ ይችላል።

ጠባሳውን አትመኚ። ቆዳው የተሰፋበት ቦታ ከብረቱ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ሊያልቅ ይችላል። ራጅ ላይ የመጨረሻውን ብሎን መቁጠር ነው እንጂ በጣት እየዳሰሱ መገመት አያዋጣም።

ወረቀቱን ማግኘት ለብዙዎች ከባዱ ሥራ ነው። ከኢትዮጵያ በዶክተር ሪክ ሆድስ የጀርባ አጥንት ፕሮግራም በኩል ጋና፣ ፎኮስ ሆስፒታል ሄደው የታከሙ ወጣቶች አሉ፤ አዲስ አበባ የታከሙም አሉ። ወረቀቱ የት እንደተቀመጠ ቤተሰብ የሚረሳው ልጅቷ ድና ትምህርት ቤት ከተመለሰች በኋላ ነው። ከማርገዝሽ በፊት ፈልጊው፣ ካልተገኘ ከታከምሽበት ቦታ ቅጂ ጠይቂ። የራጅ ፊልም ካለሽ በቀን ብርሃን መስኮት ላይ ለጥፈሽ፣ ከፊትና ከጎን የተነሳውን፣ ዳሌው ጭምር እንዲታይ አድርገሽ በስልክ አንሺው። ምንም ከሌለሽ አዲስ ራጅ መነሳት ያለብሽ እርግዝና እንደሌለ በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ቀድመሽ አርግዘሽ ከሆነ ደግሞ የሰመመን ባለሙያው በአልትራሳውንድ ወገብሽን ዓይቶ ክፍተቱን ሊፈልግ ይችላል። ኤምአርአይም፣ የሚወጋ ቀለም እስካልተጨመረበት ድረስ፣ በእርግዝና ጊዜ ይፈቀዳል፤ የቲታኒየም ብረት አይከለክለውም።

ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ያለው ጊዜ። ብሎንና ዘንግ አጥንቱን የሚይዙት አንጓዎቹ እርስ በርስ እስኪጋጠሙ ነው፤ ይህም ከ6 እስከ 12 ወር ይወስዳል። ስለዚህ አብዛኞቹ ሐኪሞች ቢያንስ 1 ዓመት ጠብቂ ይላሉ። ካልተጋጠመ አጥንት ጋር የቆየ ብረት ሊሰበር ወይም ብሎኑ ሊላላ ይችላል። ኦፕራሲዮን ከተደረግሽ ዓመታት አልፈው ከሆነ ይህን መመዘኛ ዝለይው።

ትንፋሽ። በጣም ተጣሞ የነበረ ደረት ብረት ከገባለት በኋላም ሳንባው እንደ ሌላው ሰው ላይሰፋ ይችላል። መለኪያው ስፓይሮሜትሪ ይባላል፤ በሙሉ ትንፋሽ ስበሽ በኃይል የምታወጪውን አየር በሊትር ይነግራል። ከ1.5 ሊትር በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እርግዝናው በክትትል ይያዛል። ከ1 ሊትር በታች ከሆነ ግን ከማርገዝ በፊት ከሳንባና ከልብ ሐኪም ጋር በግልጽ መነጋገር ግድ ነው፤ በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) የሚታይ የሳንባ ደም ግፊት ካለ ደግሞ እርግዝናው ራሱ ለሕይወት አስጊ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የቦረናና የደላንታ ደጋም ቀላል አይደለም። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሳንባዋ የደከመ ሴት ከኮምቦልቻ ይልቅ ደሴ ላይ ቀድማ ድካሙን ታየዋለች።

የመጣመሙ መነሻ። ምክንያቱ ሳይታወቅ በጉርምስና የመጣ መጣመም ዳሌን አያጠብም። በቲቢ ጎብጦ የነበረ፣ ከነርቭ ወይም ከጡንቻ በሽታ የመጣ፣ ወይም ከልደት የነበረ ከሆነ ግን የዳሌው ቅርጽ፣ የእግር ጉልበትና የሽንት ቁጥጥር መታየት አለበት። በጣም ረጃጅም ጣትና ቁመት ያላትና በቤተሰቧ የልብ ደም ሥር ችግር ያለባት ሴት ከማርገዟ በፊት ኤኮ ትነሳ፤ ማርፋን የሚባለው በሽታ በምጥ ጊዜ ዋናውን የደም ሥር ሊሰነጥቅ ይችላል።

መንገድ። ከሳይንት፣ ከወገል ጤና ወይም ከላስታ ገጠር ለሚመጣ ሰው ርቀት የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ በክረምት ጭቃ፣ በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና እስኪደረስ በሚፈጀው ሰዓትና አምቡላንሱ ሌላ እናት ይዞ ሄዶ እንደሆነ ነው።

## በምጥ ወይስ በኦፕራሲዮን?

የብረቱ መኖር ብቻውን ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይሆንም። ዘንጉ ያለው ከጀርባ ነው፤ ሕፃኑ የሚያልፈው በዳሌ ውስጥ ነው፤ የሚገፋው ደግሞ የማሕፀን ጡንቻ ነው። ጀርባቸው ተገጣጥሞ ከዳነ ሴቶች አብዛኞቹ በምጥ ይወልዳሉ።

በእኛ አካባቢ ሁኔታ ሌላም የሚመዘን ነገር አለ። የመጀመሪያው ልጅ በኦፕራሲዮን ከተወለደ ቀጣዮቹ ወሊዶች ሁሉ ኦፕራሲዮን ክፍል አጠገብ መሆን አለባቸው፤ የማሕፀን ጠባሳ በምጥ ሊተረተር፣ የእንግዴ ልጅም በጠባሳው ላይ ሊጣበቅ ይችላልና። ሦስትና አራት ልጅ ለምታስብ፣ ቤቷም ከዞን ከተማ ርቆ ላለ ሴት ይህ ትልቅ ዋጋ ነው። «ለጥንቃቄ» ተብሎ ብቻ የሚቆረጥ የኦፕራሲዮን ቀን ቢያንስ ምክንያቱ ይጠየቅ።

ቀን ተቆርጦ ኦፕራሲዮን የሚመረጥባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ዳሌዋ የተዛባ፣ ሳንባዋ ረጅም ምጥ የማይችል፣ ወይም ሌላ የማሕፀንና የእንግዴ ልጅ ምክንያት ያላት ሴት አንደኛዋ ናት። ብረቱ እስከ ዳሌ የወረደ፣ ሆስፒታሉም ሙሉ ሰመመን በሌሊት መስጠት የማይችል ከሆነ ደግሞ ሁለት ምርጫ አለ፦ ቀን መቁረጥ ወይም ሆስፒታል መቀየር። የሚቻል ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል።

በምጥ ጊዜ አቀማመጥ ላይ ለአዋላጇ ቀድመሽ ንገሪያት። የተጋጠመ ወገብ አይጎብጥም፤ «አገጭሽን ወደ ደረት፣ ጉልበትሽን ወደ ሆድ» ስትባዪ የምትታጠፊው በዳሌ መገጣጠሚያሽ ብቻ ነው። በጎን ተኝቶ፣ ወይም በእጅና በጉልበት ተደግፎ መግፋት ይቀላል። በጀርባ ቀጥ ብሎ መተኛት ለማንኛዋም እርጉዝ የደም ሥር ስለሚጫን ጥሩ አይደለም፤ ላንቺ ደግሞ ብሎኑ ያለበትን ቦታ ይቆረቁርሻል። ወገብሽን የምታሽልሽ እናት ወይም እህት ዳሌሽንና ጎንሽን ትያዝ፣ ብረቱ ላይ በክርን አትጫን። ወጌሻ ጀርባውን «ለማስተካከል» እንዳይነካው።

## የማደንዘዣ አማራጮች

ያለ ማደንዘዣ፣ ወይም በመርፌ ማስታገሻ። መራመድ፣ ሞቅ ያለ ውሃ፣ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው። እንደ ፔቲዲን ያለ መርፌ ምጡን ያለዝባል፤ ግን ለመውለድ ጥቂት ሰዓት ሲቀር ከተሰጠ የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያደክም ስለሚችል የሕፃን አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) አጠገብ መኖር አለበት። ሳንባዋ ለደከመ እናትም አይመከርም።

ኤፒዱራል። ከሕብለ ሰረሰር ሽፋን ውጭ ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ መድኃኒት ይፈስሳል። ኦፕራሲዮኑ ያን ክፍተት በጠባሳ ሊያጣብቀው ስለሚችል መድኃኒቱ እኩል ላይሰራጭ ይችላል፤ አንድ ጎን ደንዝዞ ሌላው ሊያም ይችላል። መርፌው ሽፋኑን በስህተት ከበሳው ደግሞ ቆመሽ ስትሄጂ የሚብስ ኃይለኛ ራስ ምታት ይከተላል። ቢገኝም ቀዳሚ ምርጫ መሆን የሚችለው ብረቱ ከፍ ብሎ ላለቀላት ነው።

የወገብ መርፌ (ስፓይናል)። ለኦፕራሲዮን ዋናው ይህ ነው፤ ለተጠገነ ጀርባም ከኤፒዱራል የበለጠ የሚታመን ነው። ቀጭኑ መርፌ ሽፋኑን አልፎ ፈሳሹ ውስጥ ይገባል፤ ንጹህ ጠብታ መውጣቱ ቦታው መገኘቱን ያሳያል፤ መድኃኒቱም በፈሳሹ ስለሚሰራጭ ጠባሳው አያግደውም። የሚያስቸግረው መግቢያውን ማግኘት ነው። የቀረ መጣመም ካለ አንጓው ስለሚዞር ባለሙያው ከመሃል ሳይሆን ከጎን፣ ቅስቱ ከወጣበት በኩል መውጋት ያስፈልገው ይሆናል። መድኃኒቱ ከፈሳሹ ስለሚከብድ ወደ አንድ ጎን ሊያጋድልም ይችላል፤ ያን ጊዜ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ማገላበጥና መጠበቅ ነው። ደጋግሞ ከመውጋት ሙሉ ሰመመን ይሻላል።

ሙሉ ሰመመን። ብረቱ ወገብን በሙሉ ለሸፈነባት ሴት የሚቀረው ይህ ሊሆን ይችላል። ዋናው ስጋት ከሆድ ምግብ ወደ ሳንባ መግባቱ ነው፤ ስለዚህ ምጥ ከጠነከረ በኋላ ገንፎም አጥሚትም ይቅር፣ ውሃ ብቻ። አንገቷ ላይም ብረት ያላት ሴት ቱቦ ማስገባቱ ሊከብድ ስለሚችል ይህን ባለሙያው ቀድሞ ማወቅ አለበት። ሰዎች እንደሚያስቡት የሞት ፍርድ አይደለም፤ የሚያስፈራው ሳይዘጋጁ ሲገቡበት ነው።

## የት ይወለድ?

በመንግሥት ተቋማት የወሊድ አገልግሎት ነጻ ነው። ገንዘብ የሚወጣው ለመኪና፣ ለአስታማሚ ምግብና ማደሪያ፣ ሆስፒታሉ መድኃኒት ሲያልቅበት ከውጭ ለሚገዛውም ነው። የግል ተቋም ዋጋ ስትጠይቂ ኦፕራሲዮኑን፣ ደሙን፣ ኦክስጅኑንና የሌሊት ሰመመን ባለሙያውን ጨምሮ ጠይቂ፤ «ወሊድ ይህን ያህል ነው» የሚለው ዋጋ ብዙ ጊዜ እነዚህን አይጨምርም።

| ቦታ | ምን ይችላል | ምን ይጎድለዋል | ለማን ይሆናል | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ጤና ጣቢያ | ክትትል፣ አዋላጅ፣ መደበኛ ምጥ | ኦፕራሲዮንና የወገብ መርፌ የለም | ለክትትል ሁሉም፤ ለወሊድ አይመከርም | ዝቅተኛ |
| የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል | ምጥና ኦፕራሲዮን | የሰመመን ባለሙያ ጥቂት፣ ለውስብስብ ጀርባ ዝግጅት የሳሳ | ብረቱ ኤል 2 ወይም ከዚያ በላይ ያለቀ፣ ትንፋሿ ጤነኛ | ዝቅተኛ |
| ደሴ ወይም ወልዲያ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል | የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም፣ የወገብ መርፌና ሙሉ ሰመመን፣ ደም፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል | መጨናነቅ፣ ከሩቅ ለሚመጣ ማደሪያ | ኤል 3፣ ኤል 4 እና ከዚያ በታች፤ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች | መካከለኛ |
| አዲስ አበባ | የሳንባ፣ የልብና የጀርባ ሐኪም በአንድ ከተማ | ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ የወራት ኪራይ | ሳንባዋ የደከመ፣ የነርቭ ምልክት ያላት፣ ማርፋን | ከፍተኛ |

ሠንጠረዡ ላይ ያለው የሆስፒታል ደረጃ በወረቀት ላይ ያለው ነው። አንድ ሆስፒታል ዘንድሮ ሦስት የሰመመን ባለሙያ ኖሮት በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሊቀረው ይችላል። ስለዚህ ከ28ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ራጅሽን ይዘሽ ልትወልጂበት ያሰብሽበት ሆስፒታል ሂጂና የሰመመን ባለሙያውን አግኚ። ለክትትል የምትገቢበት ሐኪም ብቻ አይበቃም፤ መርፌውን የሚወጋው እሱ አይደለም። የምትጠይቂው ይኸው ነው፦ ይህን ራጅ ዓይተው የወገብ መርፌው የት ይገባል? ካልገባ ሙሉ ሰመመን በሌሊትና በእሑድ ይሰጣል? ኦክስጅንና መምጠጫው ይሠራል? ጥርጣሬ ካለዎት ወደ የት፣ መቼ ትልኩኛላችሁ? መልሱን በክትትል ካርድሽ ላይ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። በቃል የተባለ ነገር ተረኛው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

## ለየሁኔታው የምንመክረው

ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ወይም ደሴ ዙሪያ የምትኖር፣ ብረቷ ኤል 1 ላይ ያለቀ፣ ደረጃ ስትወጣ የማይደክማት ሴት ክትትሏን ጤና ጣቢያ ጀምራ ወሊዷን ሆስፒታል ብታደርግ በቂ ነው። ምጥ ሲጀምራት መውጣት እንጂ ወራት ቀድማ መከራየት አያስፈልጋትም፤ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ ግን በጭጋግ ሌሊት ጊዜ ይወስዳልና ውሃ እስኪፈስ አትጠብቅ።

ከመካነ ሰላም፣ ከአጅባር ወይም ከወገል ጤና ገጠር የምትመጣ፣ ብረቷ ኤል 3 ወይም ኤል 4 የደረሰ ሴት ምጥ ከመምጣቱ በፊት መቅረብ አለባት። ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ ደሴ ዘመድ ቤት መቀመጥ፣ ወይም ሆስፒታሉ የእናቶች ማቆያ እንዳለው ጠይቃ እዚያ መግባት ይሻላል። ገንዘቡ አንድ ነገር ላይ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለዚህ ይዋል፤ ከግል ክሊኒክ ተደጋጋሚ አልትራሳውንድ የበለጠ ይህ ነው የሚያድነው።

ብረቷ እስከ ዳሌ የወረደ ሴት ሁሉንም ቀጠሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ታድርግ፤ የሰመመን ባለሙያውን በ28ኛው ሳምንት እንጂ በ36ኛው አታግኘው፤ ወደ ሌላ ከተማ መላክ ካስፈለገ ጊዜ ይተርፋታል።

አግድም ስትተኛ ትንፋሽ የሚያጥራት ሴት ለአዲስ አበባ ጉዞ 7ኛ ወርን አትጠብቅ። የልብ ሥራ ከ28 እስከ 32 ሳምንት በጣም ስለሚጨምር ቀድሞ መታየት አለበት። በታርማበር የሚወጣውን መንገድ በዚያ ጊዜ መጓዝ ቀላል አይሆንም።

## በእርግዝና ጊዜ

ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮ ግራም ከማርገዝ በፊት ይጀመር። የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት ይሁን። የጀርባ ሕመም ይኖራል፣ ብረቱ ወደ ወገብ በወረደ መጠንም ይብሳል፤ ከብረቱ በታች ያሉት ነጻ አንጓዎች የሁሉንም እንቅስቃሴ ብቻቸውን ስለሚሸከሙ ነው። ለዚህ ፓራሲታሞል ይፈቀዳል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሕፃኑን ኩላሊትና የልብ ደም ሥር ስለሚጎዱ ከመድኃኒት ቤት «ለወገቤ» ብለሽ አትግዢ። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባ ማዘል ይቅር። እንጀራ ስትጋግሪ በርጩማው ከፍ ይበል፣ ወይም ምጣዱ ወደ ላይ ይነሳ።

እግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከጀርባ ጠባሳ መግል ወይም ትኩሳት፣ «ቀጭ» ብሎ የሚጀምር አዲስ ኃይለኛ ሕመም ከታየ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ደም መፍሰስ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ ደግሞ እንደ ማንኛዋም እርጉዝ ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው።

## ከወለዱ በኋላ

በወገብ መርፌ ኦፕራሲዮን የተደረገች እናት ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስትነሳ የሚጀምራት፣ ስትተኛ የሚለቃት ራስ ምታት ካለ ለሐኪም ትናገር፤ የቡዳ ወይም የብርድ አድርገው አይለፉት። ሕፃኑን መሬት ላይ ባለ ሳፋ ጎንበስ ብሎ ማጠብ ለተጋጠመ ጀርባ ከባድ ነው፤ ሳፋው ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ጡት ስታጠቢ ትራስ ከክንድሽ ሥር አድርጊ እንጂ ወደ ሕፃኑ አትጎንበሺ። አንቀልባ መከልከል አያስፈልግም፤ ግን በኦፕራሲዮን ለወለደች 6 ሳምንት ይለፍ፣ ማሰሪያው ትከሻ ላይ ሳይሆን ዳሌ ላይ ይረፍ፣ ልጁንም ሌላ ሰው ያሳዝላት።

ምክንያቱ ያልታወቀው ስኮሊዮሲስ (የጀርባ መጣመም) በቤተሰብ የመሄድ ዝንባሌ አለው፤ ስለዚህ ልጅሽ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ከ10 ዓመቷ ጀምሮ በየ6 ወሩ ጀርባዋን ገልጣ፣ እግሯን ገጥማ፣ እጆቿን አንጠልጥላ ወደፊት ትጎንበስ። ከኋላ ስታዪ አንዱ የጎድን በኩል ከሌላው ከፍ ካለ ራጅ ያስፈልጋታል፤ ያኔ ከተያዘ ብረት ሳያስፈልግ በቀበቶ ሊቆም ይችላል።